ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያለችው ገመድ

ታክሲ ነጂዎቹ «አቤት» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ከጓደኞቹ መሃል አንድም የለም፤ በዚያ ስም ቢጠሩትም ምናልባት ራሱ ዞር አይልም። ቅጽል ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ገና ተነፍቶ ሳያልቅ እሱ መኪናዋን ጥግ አስይዞ፣ መስኮቱን አውርዶ፣ መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጁ ይዞ «አቤት ጌታዬ!» ይላል። «አንተን ፖሊስ በሕልምህ ቢያስቆምህ አልጋህን ጥግ ታስይዛለህ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅ ግን የሚስቀው ጥርሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ገመዷ ናት። መኪናዋ ብዙ ያየች አሮጌ ሰማያዊ ናት፤ ዕቃ የሚጫንበት የኋላ ኮፈን ቁልፉ ከተበላሸ ዘመናት አልፈዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፉን አስቀይሮ ይገላገል ነበር። አቤት ግን ከመቆለፊያው ላይ ቀጭን ሽቦ አስሮ፣ ሽቦውን በወንበሮቹ ሥር አሳልፎ፣ ጫፉ ላይ የናይለን ገመድ ቋጥሮ ከራሱ ወንበር በግራ በኩል አወጣት። ያቺን ገመድ ሳብ ሲያደርጋት ከኋላ «ጧ» ይላል፤ ኮፈኑም ብድግ። ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ኮፈኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። የሰፈሩ ፖሊሶች ለምደውታል፤ ገና ከሩቅ «ሂድ ሂድ» ብለው በእጃቸው ያሳልፉታል።

«ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው የሠራኋት» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ውሸቱን ነው። እውነተኛውን ምክንያት ለሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ገና ጀማሪ ሹፌር ሳለ አንድ ፖሊስ አስቁሞ «ክፈት» አለው። ቁልፉ እምቢ አለ። አዞረው፣ ደግሞ አዞረው፤ ጭራሽ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ፖሊሱ «ታላግጥብኛለህ?» ብሎ በጥፊ አጮለው። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ተሳፍረው ነበር፤ እንዳላዩ ለመሆን ፊታቸውን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞሩ። ጥፊው ጉንጩ ላይ የቆየው ቢበዛ እስከ ምሳ ድረስ ነው። የአሮጊቷ ፊት መዞር ግን እስከ ዛሬም አልለቀቀውም።

እንግዲህ የእህቱን ልጅ አሳፍሮ የወጣው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የእህቱ ልጅ መድኃኒት መደብር ውስጥ ሻጭ ነው። አንደበቱ ቅቤ ነው፤ በሽተኛውን በወሬ ብቻ ግማሽ የሚያድን ዓይነት። ያን ቀን ጠዋት ከአጎቱ ደጃፍ አራት ካርቶን ደርድሮ ቆመ። «አጎቴ፣ እነዚህን ከገበያው ማዶ አድርስልኝ» አለው። «ምንድን ነው?» ቢለው፣ «የሕፃናት ልብስ፤ ጓደኛዬ ሱቅ ሊከፍት ነው» አለ። አቤት ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ያቀፈውና ያሳደገው ልጅ ነው፤ ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ካርቶኖቹን ከኋላ ጫኑና እየተጨዋወቱ ወጡ።

የመኪናዋ የግራ ፍሬን መብራት ከሞተ ሰንብቷል። አቤት ነገ ነገ እያለ ነው የተወው። ዋናው አደባባይ ላይ ፍሬን ሲይዝ አንድ ወጣት ፖሊስ አየውና ፊሽካውን ነፋ። መኪናዋ ጥግ ያዘች፤ መስኮቱ ወረደ፤ የአቤት ግራ እጅም እንደ ልማዷ ወደ ገመዷ ሄደች።

«ተው! አጎቴ፣ ተው!» አለ ልጁ ክንዱን እየያዘ።

«ጧ!» አለ ከኋላ።

ወጣቱ ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። «እንደምን አደሩ አባት? የግራ ፍሬን መብራትዎ አይሠራም» አለና፣ የመብራቱን ነገር ጠጋ ብሎ ሊያይ ወደ ኋላ ዞረ። ዞሮ የሚያየው ግን የተከፈተ ኮፈን ሆነ። ከካርቶኖቹ የአንዱ ማዕዘን ተቀዶ የመድኃኒት ብልቃጦች አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። አንዱን ካርቶን ከፈተ፤ ሌላውንም ከፈተ። ሁሉም ያለ ፈቃድ የገባ፣ የማንም ማኅተም የሌለበት መድኃኒት ነበር።

አቤት ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ሳለ፣ የእህቱ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «እሱ ምንም አያውቅም። ዕቃው የኔ ነው፤ ልብስ ነው ብዬ ዋሽቼዋለሁ።» በዚያች አንድ ቃል አቤት ከተከሳሽነት ወጥቶ ምስክር ሆነ። ልጁን ወደ ፖሊስ መኪና ሲያስገቡት ዞር ብሎ አጎቱን አየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቡ ነበር የሚጠይቀው።

«አጎቴ፣ ማን ክፈት አለህ?»



የአቤት እህት ከእሱ ትበልጣለች፤ «እትዬ» ነው የሚላት። አንድ ልጇ ታስሮ ቁጭ ብላ የምታለቅስ ዓይነት ሴት አይደለችም። ጠያይቃ፣ ለምና፣ ተቆጥታም ጥሩ የሚባል ጠበቃ አገኘችና ወንድሟን እየጎተተች ይዛው ሄደች። የጠበቃው ቢሮ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ታች ማሽኑ በሠራ ቁጥር ወለሉ ይርገበገባል፤ ከእንግዳ ወንበሮቹም አንደኛው እግሩ አጥሮ ተቀማጩን ያወዛውዘዋል። ለአቤት የደረሰው እሱ ነው።

«መብራት አይሠራም ብሎ ያስቆመዎ ፖሊስ ምን ምን ማየት ይችላል?» አለው ጠበቃው።

«ሁሉንም» አለ አቤት፣ ማሰብም ሳያስፈልገው።

ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። «አይችልም። መንጃ ፈቃድዎን ያያል፤ የመኪናውን ወረቀት ያያል፤ መብራቱን ያያል። በመስታወቱ በኩል ዐይኑ የገባውንም ቢያይ ማንም አይከለክለውም። ከዚያ ቅጣቱን ጽፎ ያሰናብትዎታል። የተዘጋ ኮፈን ለመክፈት ግን የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ መያዝ አለበት። እሱ ከሌለው ወንጀል አለ ብሎ የሚያስጠረጥር በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። እሱም ከሌለው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእርስዎ ፈቃድ።»

«የኔ?»

«የእርስዎ።»

«እና... እምቢ ይባላል?»

«ይባላል እንጂ! በትሕትና፣ አልፈቅድም ይባላል።»

አቤት ወንበሩ ላይ ተወዛወዘ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ «እምቢ» እና «ፖሊስ» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ አስቦአቸው አያውቅም። ያን ሁሉ ዘመን ኮፈኑ ተዘግቶ መቆየት ይችል ነበር። ይህን ማወቁ ግን ደስ አላሰኘውም።

እህቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «ታዲያ ምን ያደርቀናል? ፖሊሱ አስገድዶኝ ነው የከፈትኩት በላቸውና ይለቅ!»

«እናቴ፣ ይህን እኔ ባለሁበት አይበሉ» አለ ጠበቃው። «የሐሰት ምስክር አላቆምም። ፖሊሱም አላዘዝኩም ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ይቺን ገመድ ለምንድን ነው የሠሯት?»

«ጊዜ ለመቆጠብ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። እህቱ አየችው። ታች ማሽኑ ይንገጫገጫል። አቤት ዐይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ የቁልፉን መውደቅ፣ ጥፊውን፣ የአሮጊቷን ነገር ተናገረ። ሲጨርስ ፊቱ በላብ ርሷል።

እህቱ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። «መቼ ነው? እንዴት አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ፣ እትዬ? ተመታሁ ብዬ?»

ጠበቃው ግን ወደ ፊት ጠጋ አለ። «አባት፣ ይህን የነገሩኝን ለዳኛዋ ይንገሯቸው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ፈቀደ አይባልም። እኔ ‹ፈቅደው ነው ወይስ ፈርተው?› ብዬ እጠይቅዎታለሁ፤ እርስዎ እውነቱን ይመልሳሉ። ዳኛዋ ከተቀበሉን ካርቶኖቹ ከማስረጃነት ይወጣሉ፤ ልጁ እዚያው የተናገረውም አብሮ ይወድቃል። እነዚህ ከሌሉ ዐቃቤ ሕግ የሚይዘው ነገር የለውም። ካልተቀበሉን ግን ልጁን የሚጠብቀው የዓመታት እስር ነው።»

ደረጃውን ሲወርዱ እህቱ ክንዱን ያዘችው። «ልጄ ንጹሕ ነው አልልም። አጥፍቷል፤ ይውጣልኝና እኔው ነኝ የማሳየው። ግን እዚያ ውስጥ አይበሰብስብኝ። ያ ልጅ ላንተ ሲል ማንም ሳይጠይቀው ተናግሯል፤ አንተ ደግሞ ተጠይቀህ ተናገርለት። ፈርቼ ነው በል። ሁለት ቃል ናት፣ ወንድሜ።»

እሱም ተለማመዳት። ጢሙን ሲላጭ በመስታወት ውስጥ ራሱን እያየ «ፈርቼ ነው፣ ክብርት ዳኛ» ይላል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይላታል፤ ጓደኞቹ «አቤት ዘፈን ጀመረ» ብለው ሳቁበት። ብቻውን ሲሆን እንደ ውሃ ትወርዳለች፤ ምንም አትከብድም። እንዲያውም ገመዷን ቆርጦ ሊጥላት ቢላ ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር። «ከፍርድ ቤት በኋላ» ብሎ ተዋት። መብራቱንም እንደዚያው ብሎ ተወው።

የችሎቱ ክፍል ትንሽ ናት። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ ነፋስ አይሰጥም። የእህቱ ልጅ ከስቶ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። አጎቱን ሲያይ ግን ፈገግ አለ። አቤትም «ዛሬስ እላታለሁ፣ ምንም ቢመጣ እላታለሁ» አለ በልቡ።

መጀመሪያ የመሰከረው ወጣቱ ፖሊስ ነው። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ጠበቃው ተነሥቶ «ክፈት ብለዋቸው ነበር?» አለው።

«አላልኩም።»

«ኮፈኑ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ለማስከፈት የሚያበቃ ምክንያት ነበርዎት?»

«አልነበረኝም። ለመብራቱ ነው ያስቆምኳቸው።»

«ታዲያ ሳይጠየቁ ለምን ከፈቱ?»

«እሱን እሳቸው ያውቃሉ» አለ ፖሊሱ። ቃሉን ጨርሶ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ቀጥሎ የአቤት ስም ተጠራ፤ እናቱ ያወጣችለት ስም። እሱም ከተቀመጠበት ዘሎ «አቤት ጌታዬ!» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ጸጥ አሰኙ። አቤት ቃለ መሐላውን ፈጸመ።

«ፖሊሱ ኮፈኑን ክፈት ብሎዎታል?» አለ ጠበቃው።

«አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን ከፈቱት?»

ከኋላ እህቱ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች፤ ከንፈሯ ሁለቱን ቃላት ከእሱ ቀድሞ እያለ ነው። አቤት ወደ ዳኛዋ ለማየት ፊቱን መለስ ሲያደርግ ዐይኑ የፊቱ አግዳሚ ላይ አረፈ። ወጣቱ ፖሊስ ያየዋል። በክፉ አይደለም፤ ምስክር እንደሚታይ ያየዋል። ከዩኒፎርሙ አዝራሮች አንዱ ብልጭ ይላል። የአቤት ጉንጭ ጋለ፤ ያው የጥንቱ ጉንጭ። ነገ፣ አለ በልቡ፣ ይህ ፖሊስ አደባባዩ ላይ ይቆማል፤ እኔም በዚያው አልፋለሁ። በአገር ፊት ፖሊስ ያስፈራኛል ብዬ፣ ከዚያ በኋላ ፊሽካውን ሲነፋ ምን እላለሁ?

«ፈቅደው ነው ወይስ ፈርተው?» አለ ጠበቃው፣ ቀስ ብሎ።

«በፈቃዴ ነው» አለ አቤት። «ሕግ አክባሪ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ጌታዬ ያለው ጠበቃውን አልነበረም፤ ዳኛዋንም አልነበረም። ጠበቃው ወረቀቱን ይዞ ደርቆ ቀረ። ዳኛዋ ነገሩ የገባቸው ይመስላል፤ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ወደዚህ ይመልከቱ፣ ወደ እኔ። እዚህ ቤት ውስጥ የሚነካዎት የለም። ተረጋግተው ይመልሱልኝ፤ ያን ቀን ፈርተው ነበር?»

የመጨረሻዋ በር ይቺ ነበረች። አቤትም ያውቃል። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ጠዋት መስታወቱ ፊት ያላት ቃል።

«ኧረ ምን አስፈርቶኝ፣ ክብርት ዳኛ!» አለ። ጭራሽ ሳቀም። የሳቀው ጥርሱ ብቻ ነበር።

ዳኛዋ የሚጨምረው እንደሌለ ሲያዩ ጻፉ። ኮፈኑ በባለቤቱ ፈቃድ የተከፈተ ስለሆነ ካርቶኖቹ በማስረጃነት ተይዘዋል ሲሉ፣ ጠበቃው ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የእህቱ ልጅ አጎቱን ዳግመኛ አላየውም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አቤት ከግቢው ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እህቱን ጠበቀ። ትመጣለች ብሎም አላሰበም፤ ግን መጣች። ሁልጊዜ አጠገቡ ነበር የምትቀመጠው። አሁን የኋላውን በር ከፍታ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ከኋላ ገባች። መንገዱን እኩሌታ ያህል ሄዱ።

«ሳይጠየቅ አዳነህ» አለች። «አንተን ግን ሦስት ጊዜ ለምነው ጠየቁህ። ዳኛዋ እንኳ ለመነችህ። ልጄ ምን በደለህ? ንገረኝ፣ ምን ቂም ነበረህ?»

«እትዬ...»

«እትዬ አትበለኝ!»

ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፋ። ከመስቀለኛ መንገዱ ጠርዝ አንዲት የትራፊክ ፖሊስ እጇን ከፍ አድርጋ ቆማለች። መኪናዋ ጥግ ያዘች፤ መስኮቱ ወረደ። አቤት መንጃ ፈቃዱን በቀኝ እጁ ሲያወጣ ዕንባው ጉንጩ ላይ ነበር፤ ስለ ግራ እጁ ምንም አላሰበም።

«ጧ!» አለ ከኋላ።

ፖሊሷ ደረሰች። «አባት፣ የግራ የፍሬን መብራትዎ አይበራም» አለች። ከዚያ ወደ ኋላ አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «የኋላውን ደግሞ ማን ክፈት አለዎት?»

«ማንም... ምናልባት ካስፈለገ ብዬ... ጌታዬ» አለ፤ ሴት መሆኗ እንኳ ጠፍቶበት።

«አላስፈለገኝም። ክፍቱን እየነዱ አደጋ እንዳያደርሱ።» ዞራ ሄደች፤ ውስጡን ጎንበስ ብላ ሳታይ ኮፈኑን በመዳፏ ጫን አድርጋ ዘጋችው። «ዛሬውኑ መብራቱን ያስቀይሩ። ይሂዱ።»

አቤት ግን አልሄደም። ሞተሩ ይሠራል፤ እሱ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። የኋላውን በሚያሳየው መስታወት ውስጥ የእህቱን ዐይኖች አገኛቸው። እሷ የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ ገመዷን እንደ ጨበጠች የቀረችውን ግራ እጁን ነበር። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አየቻት። ቁጣው ከፊቷ ላይ ወረደ፤ በእሱ ቦታ የመጣው ግን ለአቤት ከቁጣው የባሰ ነበር፤ አዘነችለት።

«ይህንኑ ነበር እኮ ለዳኛዋ ንገራት ያልንህ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልክ ይህንኑ። አፍህ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ምን ከለከለህ?»

አቤት እጁን ከገመዷ ላይ ለማንሣት ሞከረ። ጣቶቹ ቶሎ አልፈታ አሉት።

«ፖሊሱ እያየኝ ነበራ፣ እትዬ» አለ።